ልጆች ወሮበላን ሲጫወቱ፤ የአዋቂዎች ገመና በሕፃናት መድረክ

አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ትከሻው የሰፋ ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዘንበል አድርጎ ወደ መድረክ ሲወጣ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። እርሱ ግን አይስቅም። ግዛቱ ሊነጠቅበት መሆኑን የተረዳ የወንበዴዎች አለቃ ነውና ፊቱን አጨፍግጎ ሎሌዎቹን ይቆጣል። በቅርቡ በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ የተመለከትነው «ባግዚ ማሎን» የተሰኘው ሽሙጣዊ ሙዚቃዊ ተውኔት ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ልጆቹ ከልባቸው ይጫወታሉ፣ አዋቂው ደግሞ ራሱን እያየ ይስቃል።

ሥራው በመጀመሪያ ፊልም ነበር። እንግሊዛዊው አለን ፓርከር ጽፎና አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ ሲያበቃው ዜማዎቹን የደረሰው አሜሪካዊው ፖል ዊሊያምስ ነበር። ተዋንያኑ በሙሉ ልጆች ሲሆኑ፣ ኋላ በዓለም ዙሪያ ዝነኛ የሆነችው ጆዲ ፎስተር ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ታሪኩ የሚካሄደው አልኮል በሕግ በተከለከለባት የ1929 ኒው ዮርክ ነው። ሁለት የወሮበላ ቡድኖች ይፋለማሉ፤ ነገር ግን መኪኖቻቸው በእግር የሚዘወሩ፣ ጠመንጃቸውም ክሬም የሚተፋ ነው። በፊልሙ ዘፈኖቹን ያዜሙት አዋቂዎች ናቸው፤ ያየናቸው ልጆች ግን በገዛ ድምፃቸው ዘመሩ። የሕፃን ድምፅ ስለ ሥልጣንና ስለ ብዝበዛ ሲያዜም ሽሙጡ ይበልጥ ይሰላል።

የታሪኩ መዘውር የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም ነው። አንደኛው ቡድን ገና በእጁ ኬክ ሲወረውር ባላንጣው አዲስ የክሬም ጠመንጃ ያስመጣል፤ ተሸናፊውም ያንኑ መሣሪያ ፍለጋ ይባክናል። የአዋቂዎች የወሮበላ ፊልም ነፍሰ ገዳዩን ያስውበዋል፤ ሲጋራው፣ ልብሱና ዝምታው ሁሉ ግርማ ይሆኑለታል። ያው ልብስ የሚሰፋው ሕፃን ሲለብሰው ግን ግርማው ይረግፍና ከሥሩ ያለው ስስትና ፉክክር እርቃኑን ይቀራል።

እውነትን በሌላ አፍ ማናገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሞሱል ተወላጁ ኢብን ዳንያል በካይሮ በጻፋቸው ሦስት የጥላ ተውኔቶች የዘመኑን ማኅበረሰብ ገመና ያናገረው በቆዳ ምስሎች ነበር። በኢትዮጵያም የዘመናዊ ተውኔት ፈር ቀዳጅ የሚባሉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የባለሥልጣናትን ብልሹነት የተቹት እንስሳትን በማናገር ነው። ጥላ፣ እንስሳና ሕፃን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፦ ተመልካቹ ሳይቆጣ በፊት ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ደግሞ መቆጣት ያሳፍረዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ የጨለመ ገጽም አለው። ከ1600 እስከ 1608 ባሉት ዓመታት በለንደን ብላክፍራያርስ ቴአትር በሙዚቃ የታወቁ የወንድ ልጆች ቡድኖች መራራ ሽሙጥ ይጫወቱ ነበር። በ1605 ያቀረቡት ተውኔት የንጉሥ ጄምስን አገር ሰዎች ስኮትላንዳውያንን በመዝለፉ ከደራሲዎቹ መካከል ቤን ጆንሰንና ጆርጅ ቻፕማን ታሰሩ። ከዚያም ቀደም ሲል፣ በ1600፣ የ13 ዓመት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ተይዞ ለተዋናይነት ተወስዶ ነበር፤ አባቱ ለባለሥልጣናት ጮኾ ነው የተመለሰለት። በልጅ አፍ የሚናገር አዋቂ ልጁን መሣሪያው ሊያደርገው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በእስልምና አስተምህሮ ልጅ በወላጅ እጅ የተቀመጠ አማና ነው። ስለዚህ ወላጆች «ልጄ ወንበዴ ሆኖ ሲጫወት ምን ይማራል?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። በተለይ ሴት ልጆችን እንደ ጎልማሳ ዳንሰኛ አስጊጦ ማቅረብ ከሽሙጡ ጋር የማይገናኝ ጉዳት ነውና አዘጋጅ ሁሉ ሊጠነቀቅበት ይገባል። ሚዛኑ ግን ግልጽ ይመስለናል፤ ልጁ የሚቀልድበትን ነገር ተረድቶት ከሆነ ተውኔቱ ትምህርት ነው፤ ሳይገባው አዋቂን ለማሳቅ ብቻ ከቆመ ግን ተበድሏል። ስለዚህ ከልምምዱ በፊት የመምህሩ ማብራሪያ፣ ከመጋረጃው በኋላም የወላጅ ጭውውት የተውኔቱ አካል ናቸው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል የአገራችን ሰው። እዚህ መድረክ ላይ ግን ያቦኩት አዋቂዎች ናቸው፤ ልጆቹ መልሰው አቀረቡልን እንጂ። በፍጻሜው ሁሉም በክሬም ተለውሶ፣ ማን የማን ወገን እንደሆነ ሳይለይ ባላንጦቹ ይታረቃሉ። የተባበሩት መንግሥታት ሕፃናት በጦርነት እንዳይሳተፉ የሚያግደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ያ ሰነድ ያስፈለገው በዓለም ላይ ክሬም የማይተፋ ጠመንጃ የጨበጡ፣ ከእነዚህ ተዋንያን ጋር እኩያ የሆኑ ልጆች ስላሉ ነው። የእነርሱን ልብስ አጥቦ ወደ ቤት የሚመልሳቸው መጋረጃ የለም።