በኦራንጊ ሕዝቡ ስለ ሠራው የፍሳሽ ቦይ

በፓኪስታን አገር፣ በካራቺ ከተማ ሰሜናዊ ምዕራብ ዳርቻ፣ ኦራንጊ የተባለ ታላቅ የድኾች ሰፈር ይገኛል። ሰፈሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረ ሲሆን፣ በ1971 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ምሥራቅ ፓኪስታን ተለይታ ባንግላዴሽ በተባለች ጊዜ ከዚያ የተሰደዱ ቤተ ሰቦች በብዛት ስለ ገቡበት እየሰፋ ሄደ፤ ኋላም የነዋሪው ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። መሬቱን ደላሎች ያለ ሕጋዊ ፈቃድ እየሸነሸኑ ይሸጡት ነበርና፣ የገዛው ሰው ከሰፈሩ ብሎኬት አምራች ዘንድ ዕቃውን በዱቤ እየወሰደ ቤቱን በገዛ እጁ ያቆም ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ግን በሕግ ላልታወቀ ሰፈር የፍሳሽ ማስወገጃ ስላልዘረጋለት፣ ከየቤቱ የሚወጣው እድፍ በመንገዱ መካከል ይወርድ፣ የመጸዳጃው ጉድጓድም እየሞላ ይገነፍል፣ ሕፃናቱም ከዚህ በሚመጣ ደዌ ይሠቃዩ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ወደዚህ ሰፈር የመጡት አክተር ሐሚድ ካን በዚያን ጊዜ የ65 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በወጣትነታቸው እንግሊዞች በሚገዟት ህንድ ከፍ ያለ የመንግሥት ሹመት ይዘው ሳለ፣ የ1943ቱን የቤንጋል ረኃብ ካዩ በኋላ ሹመታቸውን በፈቃዳቸው ትተው፣ የድኻውን ኑሮ በሥጋቸው ለማወቅ በቁልፍ ሠሪነት እስከ መሥራት የደረሱ ሰው ናቸው፤ ኋላም በምሥራቅ ፓኪስታን፣ በኮሚላ፣ የገበሬዎችን የኅብረት ሥራ ማኅበራት በማደራጀት ስማቸው ተጠርቷል። ኦራንጊ በደረሱ ጊዜ ግን ምጽዋት ለማደል አልቸኮሉም፤ በየመንደሩ እየዞሩ መጠየቅና ማዳመጥ ጀመሩ እንጂ። ቤቱን ያለ ማንም ረዳት ለማቆም የቻለ ሕዝብ፣ በደጃፉ የሚወርደውን እድፍ ለማስወገድ ስለ ምን እንዳልቻለ ለማወቅ ፈለጉ።

ምክንያቱም አራት ሆኖ ተገኘ። አንደኛው የአሳብ ነው፤ ሕዝቡ ቦይ መዘርጋት የመንግሥት ግዴታ ስለሆነ ያለ ዋጋ ይሠራልናል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ሁለተኛው የማኅበር ነው፤ ቤት ለብቻ ቢሠራም ቦይ ግን ጎረቤት ሁሉ ካልተባበረ አይዘረጋም። ሦስተኛው የገንዘብ ነው፤ ተቋራጮች የሚጠይቁት ዋጋ ከድኻ አቅም በላይ ነበር። አራተኛው የጥበብ ነው፤ የመሬቱን ቁልቁለት ለክቶ ቱቦውን በልኩ የሚያስቀምጥ ከመካከላቸው አልተገኘም። ካን እነዚህን አራቱን አንድ በአንድ ለይተው ባይመረምሩ ኖሮ፣ እንደ ብዙዎቹ በጎ አድራጊዎች በሦስተኛው ላይ ብቻ ቆመው ገንዘብ ሲለምኑ በኖሩ ነበር።

የሥራውም መሠረት ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ቤቶች የሚገኙበት አንድ ቅያስ ሆነ። እድርተኞች ዳኛቸውንና ገንዘብ ያዣቸውን እንደሚመርጡ ሁሉ፣ የቅያሱ ሰዎች ከመካከላቸው አንድ ታማኝ ሰው መርጠው መዋጮውን በእርሱ እጅ ያስቀምጣሉ፤ እርሱም ማመልከቻ ካን ላቋቋሙት ድርጅት ባቀረበ ጊዜ፣ ባለሙያዎች መጥተው መሬቱን ይለካሉ፣ ካርታውን ይነድፋሉ፣ ወጪውን ይገምታሉ፣ መሣሪያ ያውሳሉ። ድርጅቱ ከሕዝቡ ገንዘብ አንዲት ሩፒ እንኳ አይነካም፤ መቆፈሩም ሆነ ግንበኛ መቅጠሩ የቅያሱ ሰዎች ድርሻ ነው። የተቋራጭ ትርፍ ስለ ቀረ፣ ንድፉም ስለ ቀለለ፣ ማንሆሉም በብረት ካሳፎርማ እዚያው በሥራው ቦታ ስለሚሞላ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ቤተ ሰብ መጸዳጃውን ጨምሮ የሚያወጣው ወጪ ወደ አንድ ሺሕ ሩፒ ገደማ ወረደ። በየቤቱም ከመጸዳጃው በታች፣ ፍሳሹ ወደ ቅያሱ ቱቦ ከመግባቱ በፊት፣ ጓሉን የሚያስቀር ትንሽ ጉድጓድ ተበጀ፤ በዚህም ምክንያት ቀጭኑ ቱቦ በቀላሉ አይደፈንም።

ይሁን እንጂ ቅያስ ከቅያስ እየተያያዘ በሄደ ቍጥር፣ የተሰበሰበው ፍሳሽ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ሊሸሸግ አልቻለም፤ ብዙዎቹ ቦዮች ወደ ተፈጥሮ ፈፋዎች ይወርዱ ነበርና። ከዚህ ላይ የኦራንጊ ሥራ ዋና ፍልስፍና ተወለደ፤ ይኸውም ሥራውን ውስጠኛና ውጭኛ ብሎ መክፈል ነው። በቤት ውስጥ ያለው መጸዳጃ፣ በቅያስ ያለው ቱቦና የቅያሶችን ፍሳሽ የሚሰበስበው ቦይ ውስጠኛ ተብለው የሕዝቡ ድርሻ ሆኑ፤ ዋናው ታላቅ ቦይና የፍሳሽ ማጣሪያው ውጭኛ ተብለው የመንግሥት ድርሻ ሆኑ። በዚህ ሥርዓት ከ100,000 በላይ የሚሆኑ የኦራንጊ ቤቶች መጸዳጃና የፍሳሽ ቦይ አግኝተዋል፤ ድርጅቱም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለአነስተኛ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ብድር መስጠትን በሥራው ላይ ጨምሯል።

መንግሥትም ድርሻውን ይወጣ ዘንድ ልመና ብቻ አልበቃም፤ ማስረጃ አስፈለገ። ፐርዊን ረሕማን የተባሉት አርክቴክት የሰፈሩን ወጣቶች መለካትና ካርታ መንደፍ እያስተማሩ የቦዮቹንና የፈፋዎቹን መስመር አስመዘገቡ፤ ሹማምንቱም ሰፈሩ አንዳች ነገር የለውም ብለው አዲስ ዕቅድ በሚያወጡበት ጊዜ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ የሠራው በወረቀት ላይ ይታያቸው ጀመር። እኚህ ሴት በከተማዋ ዳርቻ የነበሩትን የጥንት መንደሮች ይዞታም እየመዘገቡ ሳለ፣ መጋቢት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በካራቺ በጥይት ተገደሉ። እውነተኛ ካርታ መሬትንና ውኃን በስውር የሚነግዱትን ሰዎች የሚያስቆጣ መሆኑ የማይካድ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ መንግሥትን ከግዴታው ነጻ ያወጣል፣ ሀብታሙ ሰፈር በግምጃ ቤት ገንዘብ ሲሠራለት ድኻው ከኪሱ እንዲከፍል ያስገድዳል የሚሉ ተቺዎች አልጠፉም፤ ነቀፌታቸውም ሚዛን የሚደፋ ነው። ነገር ግን የኦራንጊ ሰዎች ድርሻቸውን ሲቀበሉ የሌላውን ድርሻ አላነሡለትም፤ ውስጠኛውን ሥራ ስለ ፈጸሙ ውጭኛውን የመጠየቅ መብታቸው ጸና እንጂ አልላላም። ሕዝብ ራሱን በራሱ መርዳቱ የሚመረመረውም በዚህ ነው፤ ሕዝቡ ምን ያህል ሠራ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ከሠራ በኋላ የቀረውን ከማን እንደሚጠይቅ በግልጥ አውቋልን ተብሎ ነው።