ከሪያድ የሚጦሩ የገጠር ወላጆች

በደቡብና በሰሜን ወሎ፣ በተለይም በተሁለደሬ፣ በቃሉ፣ በሐብሩና በራያ ቆቦ ወረዳዎች፣ ከአንድ ጎጥ ውስጥ ሳዑዲ ልጅ የሌለውን ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሴቶቹ አብዛኞቹ በኮንትራት ሄደው ሪያድ ሰው ቤት ያበስላሉ፣ ያጸዳሉ፣ ሕፃንና አዛውንት ይይዛሉ። ከወንዶቹ ብዙዎቹ በጅቡቲና በየመን በኩል ተሻግረው በግና ግመል ይጠብቃሉ፣ ወይም ከተማ ገብተው የተገኘውን የቀን ሥራ ይሠራሉ። ወላጆቻቸው በዚህ መሐል እያረጁ ነው። ጉልበታቸው ያለቀ የገጠር ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ምን ድጋፍ ያገኛሉ የሚለው ጥያቄ በእነዚህ ወረዳዎች ሪያድን ሳያነሱ አይመለስም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ወላጅ ላጡ ሕፃናት ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ጡረታ ግን የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች ነው። እነሱ 60 ዓመት ሲሞላቸው ከሥራ ይወጣሉ፣ ወር በመጣ ቁጥር ይከፈላቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ገበሬ የሚወጣበት ቀን የለውም፣ የሚከፍለውም የለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 84 ያህሉ ገጠር ይኖሩ ስለነበር፣ አብዛኛው የአገሪቱ አረጋዊ ከጡረታው ዕቅድ ውጭ ነው ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ክፍተቱን አይቶታል። መሬት ላይ ገበሬው ደጅ የደረሰው ድጋፍ ግን በዋናነት ሴፍቲኔት ነው።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ረኃብ በሚመላለስባቸው ወረዳዎች ነበር። መሥራት የሚችሉት እርከን እየሠሩ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ችግኝ እየተከሉ በዓመት ለስድስት ወር ያህል ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላሉ። መሥራት የማይችሉት፣ ማለትም ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የቆየ ሕመም ያለባቸው፣ «ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ» በሚባለው ክፍል ይመዘገባሉ። እነዚህ ሥራ አይጠየቁም፤ ከፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ ወዲህም ክፍያው የሚታሰብላቸው ለዓመቱ 12 ወር ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ሆኖም በየወሩ እንደሚመጣ የሚታወቅ ገንዘብ ለአንዲት ብቻቸውን ለሚኖሩ ባልቴት ትልቅ ነገር ነው፤ ባለሱቁ ጨውና ዘይት በዱቤ የሚሰጣቸው ይህን አስቦ ነው።

ማን ይግባ የሚለውን የሚወስኑት የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይልና ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎች ናቸው። የተመረጡት ስም በስብሰባ ይነበባል፣ ነዋሪውም ይናገርበታል። የሚታየው መሬትና ከብት፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ጉልበት መኖሩ፣ እህል በየዓመቱ መጉደሉ፣ ከዚያም ከቤተሰብ ወይም ከሌላ ወገን የሚገኝ ድጋፍ ነው። ሪያድ የምትገባው በዚህ በመጨረሻው መመዘኛ ነው። ልጃቸው ሳዑዲ ያለች እናት ስማቸው ሲነበብ ከተሰብሳቢው መሐል «የሳቸው ልጅ ዓረብ አገር አይደለች?» የሚል ይነሳል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

በዚህ ኮሚቴውን መውቀስ አይቻልም። ኮታው የተወሰነ ነው፤ ከኋላ የባሰ ድሃ አለ። ስሕተቱ ልጅ ውጭ አገር መሆኗ ራሱ እንደ ገቢ መቆጠሩ ነው። በየወሩ የምትልክ ልጅ፣ ለጉዞዋ የተበደረችውን ገና እየከፈለች ያለች ልጅ፣ ደመወዟ ወራት የተያዘባት ልጅ፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ተቃጥሎ የተደበቀች ልጅ፣ በመዝገቡ ላይ አራቱም አንድ ናቸው። የሴፍቲኔቱ መዝገብ ይህን መለየት የሚችለው አንድ ሰው ተነስቶ ከተናገረ ብቻ ነው፤ ያረጁ ሰዎች ደግሞ በስብሰባ መሐል ቆመው ልጄ አትልክልኝም ለማለት ያፍራሉ።

የጤናው ድጋፍ በተሻለ መንገድ የተሠራ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ መዋጮ ከፍሎ ደብተሩን ያሳድሳል፤ መክፈል ለማይችሉት ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ። ልጅ ሳዑዲ ያላቸው እዚህም ከከፋዮቹ ወገን ናቸው፤ ይህ ተገቢ ነው፣ መዋጮው ከሪያድ የአንድ ወር ደመወዝ ላይ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ። የሚያበላሸው ሌላ ነው። የማሳደሻው ወቅት ያልፋል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የመጣው በሌላ ወር ነው ወይም ቀበሌ ድረስ ሄዶ የሚሰለፍ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። ደብተሩ ታድሶም የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ከግል መድኃኒት ቤት በጥሬ ብር መግዛት ይመጣል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የገጠሩን ቤት በር የሚያንኳኳ አገልግሎት ቢሆንም የተቀረጸው ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና፣ ለክትባትና ለንጽሕና ነው። አረጋዊን መጎብኘት በባለሙያዋ ዕለታዊ ሥራ ውስጥ ብዙም ቦታ የለውም። የዓይን ሕክምናን ብንወስድ፣ አማራ ክልል ትራኮማ አብዝቶ ካጠቃቸው የዓለማችን አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ የዓይን ሽፋሽፍትን የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና ለገጠሩ ሕዝብ በነጻ ይሰጣል። ነገር ግን ዓይናቸው የደከመ ሰውዬ ከጎጣቸው እስከ ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ እጃቸውን ይዞ የሚወስዳቸው ይፈልጋሉ። ያ ሰው ሪያድ ነው።

ቅሬን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የወሎ ሰው እድሩን ቅሬ ይለዋል፤ በብዙ ቦታ እስላሙና ክርስቲያኑ አብረው ያሉበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይቆፍራል፣ ያለቀሰውን ያበላል፣ ቀሪውን ያጽናናል። ሲታመምም በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ አስፋልት ያወጣል። ለድንገተኛ ነገር ከቅሬ የፈጠነ አገልግሎት በገጠር የለም። ለአምስት ዓመት አልጋ ላይ ለሚተኛ ሰው ግን አልተሠራም፤ ጎረቤት አንድ ሳምንት ውኃ ይቀዳል፣ ሁለት ሳምንት ይቀዳል፣ ከዚያ እርሻው ይጠራዋል።

እንግዲህ የቀረውን ሁሉ የሚሸፍነው ከሪያድ የሚላከው ገንዘብ ነው። ኢቃማ ያላት ሠራተኛ በሪያድ ባንክ ወይም በስልኳ ባለ የመላኪያ መተግበሪያ በኩል ትልካለች፤ እዚህ በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር ይወጣል። ከአሠሪዋ ጠፍታ የወጣችው ግን በራሷ ስም መላክ አትችልም። በሌላ ሰው ኢቃማ ትልካለች፣ ወይም ሪያሉን ለሐዋላ ሰው ታስረክባለች፣ የእሱ ወኪል ደግሞ ደሴ ወይም ወልዲያ ብሩን ይሰጣል። የባንክና የሐዋላ ምንዛሪ ልዩነት ብዙ ሰው ወደ ሐዋላ እንዲሄድ ያደረገበት ጊዜ ረጅም ነበር። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ የብር ዋጋ ሲወርድ እኩል ይወጣል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 15 ብር ገደማ የነበረው አንድ ሪያል በሳምንታት ውስጥ ከ26 ብር በላይ ሆነ። 1,000 ሪያል የሚከፈላት የቤት ሠራተኛ በወረቀት ላይ ብዙ ብር ላከች፤ እህሉ፣ ማዳበሪያውና መድኃኒቱም ተከትለው ጨመሩ።

ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባም መታየት አለበት። እናት ስልክ ከሌላቸው ወይም ማንበብ ካልቻሉ መልእክቱ የሚደርሰው ለወንድም ወይም ለአጎት ነው። ከዚያ ቤት ይሠራበታል፣ ባጃጅ ይገዛበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል። የቆርቆሮው ቤት ደጅ ላይ ብርድ ላይ የተቀመጡ፣ ጫማ የሌላቸው አባት በእነዚህ ወረዳዎች ብርቅ አይደሉም።

ይህ ገንዘብ ደግሞ በአንድ ቀን ይቋረጣል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን አገደ፤ ወዲያው ሳዑዲ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ማሰስ ጀመረች። ሪያድ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት መንፉሐ ሠፈር ግጭት ተነስቶ ሰው ሞተ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ወደ አገር ተመለሰ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ሳዑዲ በድጋሚ የምሕረት ጊዜ ሰጥታ ዘመቻ ስትጀምር በሁለት ዓመት ውስጥ 260,000 ገደማ ተመላሽ መጣ። ሦስተኛው መቋረጥ ከዚህ ከእኛው ወገን ነበር፤ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ ሲገባ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በቆቦና በወልዲያ አካባቢ ባንክም ስልክም ጠፋ። ልጆች ሪያድ ሆነው ብር ይዘው መላኪያ አጡ። በሦስቱም ጊዜ «ልጇ ዓረብ አገር ናት» ተብለው ከዝርዝር የወጡ ወላጆች በወራት ውስጥ ተመልሰው የሚገቡበት ፈጣን መንገድ አልነበረም።

ሪያድ ውስጥ እነዚሁ ልጆች የሚሠሩትን ያየ ሰው ሌላ ነገር ያስተውላል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የሳዑዲ የአረጋውያን መብትና እንክብካቤ ሕግ 60 ዓመት የሞላውን ሰው አረጋዊ ይለዋል፤ ከቤተሰቡ ጋር የመኖር መብት ይሰጠዋል፣ ያለ ፈቃዱ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ መጦሪያ ቤት ማስገባትን ይከለክላል። የጤና ሚኒስቴሩ ቤት ለቤት የሚደርሱ የሕክምና ቡድኖች አሉት። አረጋዊው ቤቱ ይቆያል፣ ሐኪሙ ይመጣለታል፤ በየሰዓቱ የሚያስፈልገው የሰው እጅ ግን ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ነው። ጠዋት ስኳራቸውን ትለካለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣለች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየጥቂት ሰዓቱ ታገላብጣቸዋለች፣ ደግፋ መታጠቢያ ቤት ታስገባቸዋለች፣ ለሶላት ውዱ ታስደርጋቸዋለች፣ ምግባቸውን ጨው ቀንሳ ትሠራለች። ሁለት የኮንትራት ዘመን የጨረሰች ሴት አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዴት እንደሚያዝ በገጠር ከሚገኝ ከማንም ሰው በላይ ታውቃለች። ተመላሾችን ለማቋቋም የሚሰጠው ሥልጠና ብዙውን ጊዜ ስለ ዶሮ እርባታ፣ ስለ ፀጉር ሥራና ስለ ልብስ ስፌት ነው። ወረዳዎች ይህን ሙያ በክፍያ ለአረጋውያን እንክብካቤ ቢያውሉት ሁለት ችግር በአንድ ላይ ይቀልላል፤ እስካሁን ግን የተረሳ ሀብት ነው።

እጅ ሲጠፋ ሰዉ በራሱ ያበጀው መላ መሬት ነው። ማረስ ያቃታቸው አዛውንት መሬታቸውን በእኩል ይሰጣሉ፤ ጧሪ ሲያጡ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለሚጦራቸው ዘመድ ወይም ጎረቤት በስጦታ ወይም በኑዛዜ ያስተላልፋሉ። ለብዙዎች ይህ ከሴፍቲኔት የበለጠ አስተማማኝ ሆኗል፤ ጧሪው ያበላል፣ ያለብሳል፣ ሲሞቱም ያስቀብራል። ክርክሩ የሚነሳው ልጅ ከሪያድ ስትመለስ ነው። ብር ስልክ የነበርኩት እኔ ነኝ ትላለች፤ ያነሳሁና የጣልኩ እኔ ነኝ ይላል ጧሪው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ከሽማግሌ አልፎ ወረዳ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ሪያድ ሆኖ ወላጅ የሚጦር ሰው ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬውኑ ሊያስተካክለው የሚችለው አለ። ለቤት ሥራ የሚላከውንና ለወላጅ ቀለብ የሚላከውን መለየት፤ ቀለቡን በወላጅ ስም በተከፈተ ደብተር ማስገባት፤ ለሚያጥበው፣ ለሚያበስለውና ጤና ጣቢያ ለሚያደርሰው ሰው በግልጽ ወርኃዊ ክፍያ መቁረጥ፤ የጤና መድኑ ደብተር መቼ እንደሚታደስ ከቀበሌ ጠይቆ ብሩን ቀድሞ መላክ። ሥራ የተቋረጠባት ወይም የተመለሰች ልጅ ደግሞ ቀበሌው የሴፍቲኔት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዳለው ትወቅ። ለዓመቱ የተመረጡት ስም በይፋ ሲለጠፍ የወላጆቿን ሁኔታ ለኮሚቴው ማስረዳት መብቷ ነው፤ እሷ ካልተናገረች የሚናገርላቸው ሰው ላይኖር ይችላል።