መራጭ ድመትን ወደ ጤናማ አመጋገብ መመለስ፦ ከጉበትና ከፍትፍት ባሻገር

መግቢያ

«ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ልማዱን መተው ላቃተው ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ ድመቷ ራሷም እውነት ይዟል። ድመት ዓመሏን የማትረሳው በግትርነት ሳይሆን ተፈጥሮዋ ሌላ አማራጭ ስላልሰጣት ነው። በከተማ ቤቶቻችን ያሉ ድመቶች በአብዛኛው ከሁለት በአንዱ መንገድ ያድጋሉ። አንደኛዋ ከማዕድ የተረፈ ፍትፍት ይጣልላታል፤ ሁለተኛዋ ከሥጋ ቤት በሚመጣ ጉበት ወይም ሳንባ ትቀለባለች። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ባለቤቶቹ «የእኛ ድመት ከጉበት በቀር ሌላ አትቀምስም» ማለት ይጀምራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድመት ለምን መራጭ እንደምትሆን፣ የለመደችው ምግብ ምን እንደሚጎድለው፣ ወደ ተሻለ አመጋገብም ያለ አደጋ እንዴት መሸጋገር እንደምትችል ማብራራት ነው።

ድመት ለምን ትመርጣለች?

የመጀመሪያው ምክንያት የጣዕም ተፈጥሮዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በፊላደልፊያ የሚገኘው የሞኔል የኬሚካዊ ስሜቶች ማዕከል ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት፣ ጣፋጭ ጣዕምን ለሚለየው ተቀባይ መሠረት ከሆኑት ሁለት ጂኖች አንዱ በድመት ዝርያ ከሥራ ውጭ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ድመት ስኳርን አትለይም። በአንጻሩ የሥጋን ጣዕም የሚሰጡ አሚኖ አሲዶችን በሚገባ ትለያለች። ለእንጀራ ጀርባዋን ሰጥታ ሥጋ ወዳለበት ሳህን የምትሄደው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሽታና ሙቀት ነው። ድመት ምግቧን ከመቅመሷ በፊት በሽታው ትመዝነዋለች። አድና የምትበላው እንስሳ ሙቀቱ ከሰውነት ሙቀት ስለማይርቅ፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ምግብ ሽታው ደካማ ሆኖ ታገኘዋለች። አፍንጫዋ በጉንፋን የተዘጋ ድመት ምግብ የምትተወውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው አስተዳደግ ነው። ግልገል ድመት ጡት በምትጥልበት ጊዜና በቀጣዮቹ ወራት የቀመሰቻቸው ጣዕሞችና የምግብ ልስላሴዎች ዕድሜ ልኳን «ምግብ» የምትለውን ይወስናሉ። በጉበት ብቻ ያደገች ድመት ፊት ደረቅ የታሸገ ምግብ ቢቀመጥ፣ ጠጠር እንደቀረበላት ያህል ልታየው ትችላለች።

አራተኛው ጥላቻን በፍጥነት መማሯ ነው። አንድ ምግብ ከበላች በኋላ ካመማት፣ ወይም መድኃኒት ተደብቆበት ምሬቱን ካወቀች፣ ምግቡን ለረጅም ጊዜ አትነካውም። ስለዚህ በተለምዶ «መራጭነት» የምንለው ነገር ተፈጥሮ፣ ልማድና ትዝታ ተደራርበው የፈጠሩት ጠባይ ነው።

የተለመደው ምግብ ምን ይጎድለዋል?

ድመት በግዴታ ሥጋ በል ከሚባሉት እንስሳት አንዷ ናት። ፕሮቲንን የሚሰባብሩት የጉበቷ ኢንዛይሞች የምግቡ ፕሮቲን ሲያንስ ሥራቸውን አይቀንሱም፤ ምግቡ ካላቀረበላቸው የራሷን ጡንቻ ያፈርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሞሪስና ሮጀርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ አሠራር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አሳይተዋል። አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ የሌለበት አንድ ማዕድ ብቻ የበሉ ድመቶች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በአሞኒያ ተመርዘዋል።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው የታውሪን ጉዳይ ነው። ድመት ታውሪንን በበቂ መጠን በራሷ መሥራት አትችልም፤ እጽዋት ደግሞ ታውሪን የላቸውም ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1975 የታውሪን እጥረት የድመትን ሬቲና እንደሚያጠፋ፣ በ1987 ደግሞ የልብ ጡንቻን እንደሚያዳክምና ታውሪን ሲሰጥ ልብ ሊያገግም እንደሚችል ታወቀ። በሬቲና ላይ የደረሰው ጉዳት ግን አይመለስም። በተጨማሪም ድመት ከካሮትና ከቅጠል የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን ወደ ቫይታሚን ኤ መለወጥ ስለማትችል፣ ቫይታሚኑን በቀጥታ ከእንስሳት ተዋጽኦ ማግኘት አለባት።

የቤታችንን ልማድ በዚህ ሚዛን ስንመዝነው የሚከተለውን እናገኛለን። በሽሮ ወይም በምስር ወጥ የተፈተፈተ እንጀራ ታውሪንም ሆነ ዝግጁ ቫይታሚን ኤ የለውም። ከዚህም በላይ በወጡ ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት ቢበስልም የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳል፤ ሲደጋገም ደም ማነስ ያስከትላል።

ሥጋ ወይም ሳንባ ብቻ መስጠትም መፍትሔ አይደለም። በቀይ ሥጋ ውስጥ ለ1 እጅ ካልሲየም 20 እጅ ያህል ፎስፈረስ ሲኖር፣ ድመት የምትፈልገው ግን ሁለቱ ተቀራራቢ እንዲሆኑ ነው። ይህ መዛባት ሲቆይ አካሏ የጎደለውን ካልሲየም ከአጥንቷ ይወስዳል፤ በተለይ ግልገሎች አጥንታቸው ሳስቶ በቀላል ዝላይ ይሰበራሉ። ጉበት ደግሞ ከካልሲየም እጥረቱ በተጨማሪ የቫይታሚን ኤ ክምችት አለበት። ለወራትና ለዓመታት በጉበት ብቻ የኖረች ድመት የአንገቷ አጥንቶች እርስ በርስ እየተጣበቁ አንገቷን ማዞርና ገላዋን መላስ እስከሚያቅታት ትደርሳለች። አዘውትሮ የሚሰጥ ጥሬ ዓሣም፣ ከአንዳንድ ዝርያዎች ሲሆን፣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለው። ወተት ለብዙ አዋቂ ድመቶች ተቅማጥ እንጂ ምግብ አይሆንም። ጥሬ ሥጋ በቶክሶፕላዝማ ሊበክላት ይችላል፤ ይህም በእርሷ በኩል አልፎ በቤቱ ላለች ነፍሰ ጡር ስጋት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ አያቶቻችን በዚሁ ምግብ ስንት ድመት አሳድገው የለ? መልሱ አይጥ ነው። የቀድሞዋ ድመት ከቤት ያገኘችው ፍትፍት ተጨማሪ እንጂ ዋና ምግቧ አልነበረም። አይጥን ከነአጥንቱና ከነሆድ ዕቃው ስትበላ ታውሪኑን፣ ካልሲየሙንና ቫይታሚኑን በአንድነት ታገኝ ነበር። ዛሬ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ድመት ይህ ማካካሻ የላትም።

ረሃብ መምህር አይደለም

በመራጭ ድመት ላይ በብዛት የሚሰጠው ምክር «ተዋት፤ ስትራብ ትበላለች» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ይህንኑ ምክር ሰጥቶ ያውቃል። በእናቴ ቤት 5 ኪሎ ከግማሽ የምትመዝን፣ በጉበትና በሳንባ ያደገች ድመት ነበረች። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ተዘጋ። እኔም በመጀመሪያው የድኅረ ምረቃ ዓመቴ በተማርኩት ተመክቼ አንድ ከረጢት ደረቅ የድመት ምግብ ገዝቼ አመጣሁና ሌላ ነገር እንዳይሰጣት አዘዝኩ። በሁለተኛው ቀን እናቴ «ልጄ፣ ይህች ፍጥረት ምን አጠፋች?» ስትለኝ ነገ ትበላለች አልኋት። በአራተኛው ቀን ድመቷ ከአልጋ ሥር ገብታ ለሃጯን ታዝረበርብ ጀመር፤ የድድዋና የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ነበር።

የሆነው የሚከተለው ነው። ድመት መብላት ስታቆም አካሏ የተከማቸውን ስብ በብዛት ወደ ጉበት ይልካል። ጉበቷ ግን ይህን ያህል ስብ በአንድ ጊዜ ማቃጠልም ሆነ ወደ ደም መልሶ መላክ አይችልም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ፕሮቲንም ከምግብ አልመጣም። ስቡ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ይከማችና ሥራቸውን ያውካል። ሕመሙ ምግብን ይበልጥ ስለሚያስጠላት አዙሪቱ ይጠናከራል። ወፍራም ድመት ብዙ ስብ ስላላት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት፤ «ትንሽ ብትከሳ ምን ትሆናለች» የሚባልላት እርሷ መሆኗ ነገሩን አሳሳቢ ያደርገዋል።

በመሆኑም ሁለት መመሪያዎችን መያዝ ይገባል። አንደኛ፣ 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ያልበላች ድመት የለመደችው ምግብ ይሰጣት፤ እርሱንም ካልቀመሰች በሁለተኛው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ። ሁለተኛ፣ ቀድሞ ትበላ የነበረች ድመት በድንገት መራጭ ከሆነች ጉዳዩ ዓመል ሳይሆን የጥርስ፣ የኩላሊት ወይም የመተንፈሻ አካላት ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ምግብ ከመለወጥ በፊት ምርመራ ይቅደም።

ሽግግሩን ማካሄድ

ሽግግሩ የሚጀምረው በሚዛን ነው። የድመቷን ክብደት በየሳምንቱ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ድመቷን ታቅፎ በሰው ሚዛን ላይ መቆምና የራስን ክብደት መቀነስ ይበቃል። ለዕረፍት የሚያስፈልጋት የቀን ኃይል በኪሎ ግራም የተለካው ክብደቷ በ0.75 ኃይል ከፍ ብሎ በ70 ሲባዛ ይገኛል። ለ4 ኪሎ ድመት ይህ ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። ይህ ቁጥር ባለቤቱ «አልበላችም» የሚለው እውነት መሆኑን፣ ወይስ ቀኑን ሙሉ በቁራሽ ጠግባ እንደሆነ ለመለየት ይረዳል።

ቀጥሎ የማዕድ ሰዓት ይወሰናል። ድመት በተፈጥሮዋ በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ በጥቂቱ የምትመገብ ስለሆነች ከ3 እስከ 5 ትናንሽ ማዕዶች ይስማሟታል። ምግቡ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቦ ይነሳ፤ በማዕዶች መካከል ቁራሽ አይሰጥ። ይህ ረሃብን ሳይሆን የምግብ ፍላጎትን ይፈጥራል።

ከዚያ ቅልቅሉ ይጀመራል። ለብ ብሎ በቀረበው የለመደችው ምግብ ላይ ከመቶ 5 እጅ ያህል አዲሱ ይጨመራል። ሦስት ቀን ያለ ቅሬታ ከበላች ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 20 ይኬዳል፤ እምቢ ካለች ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሳል። በመጻሕፍት የሚጠቀሰው ከ7 እስከ 10 ቀን ያለው ጊዜ ለእሺ ባይ ድመት የሚሆን ነው፤ ለመራጯ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መመደብ ይበጃል። ልስላሴውም ይታሰብበት፤ ጉበት ለለመደች ድመት ደረቁ ምግብ በሞቀ ውኃ ርሶና ተፈጭቶ ቢቀርብ ይቀላታል። ይህ ሌላ ጥቅምም አለው። ደረቅ ምግብ ከመቶ 10 እጅ ያህል ብቻ ውኃ ሲኖረው ድመት ደግሞ በባሕርይዋ ጥማት አይበረታባትም። መድኃኒት በአዲሱ ምግብ ውስጥ ፈጽሞ አይደበቅ።

የታሸገና የተሟላ ምግብ ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ስለሚከብድ ከፊሉን በቤት ማዘጋጀት ይቻላል። የተቀቀለ ሥጋ ከልብ ጋር ቢደባለቅ ጥሩ የታውሪን ምንጭ ይሆናል፤ ታውሪን በውኃ ስለሚሟሟ መረቁ አይደፋ፣ ጨውና ሽንኩርትም አይግባበት። የካልሲየሙን ጉድለት ለመሙላት ንጹሕና በደንብ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ያገለግላል። በ1 ኪሎ ሥጋ ውስጥ 2 ግራም ያህል ፎስፈረስና 0.1 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ቅርፊቱ ከመቶ 38 እጅ ገደማ ካልሲየም ስለሆነ 5.5 ግራም ሲጨመር ጠቅላላው ካልሲየም 2.2 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ምጥጥኑም ወደሚፈለገው ይመጣል። ጉበት ከጠቅላላው ከመቶ 5 እጅ ሳይበልጥ ሽታው እንዲስባት ሊገባ ይችላል። ይህ ዝግጅት ግን በራሱ የተሟላ ምግብ አይደለም፤ የታሸገውን ምግብ የሚደጉም ነው።

የጾም ወቅት

የሥጋ አቅርቦት በዓመት ውስጥ የሚዋዥቅበት ቤት የተለየ ዕቅድ ያስፈልገዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕ፣ ዓርብና ሌሎቹ አጽዋማት ሲታከሉበት የሥጋ አልባው ጊዜ ከዓመቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። የታውሪን እጥረት በወራት የሚገነባ ስለሆነ አንድ ጾም ጤነኛ አዋቂ ድመትን አያሳውርም። የሚያሰጋው የዓመቱ ድምርና፣ ያረገዙ፣ የሚያጠቡ ወይም በማደግ ላይ ያሉ ድመቶች ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሽግግሩ ጾሙ ከመግባቱ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢጀመር፣ ድመቷ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ሳይበላሽ የሚቆየውን ደረቅ ምግብ ለምዳ ትጠብቃለች። በጾም ዕቃ ውስጥ ሥጋ እንዳይነካካ የሚጠነቀቁ ቤተሰቦችም ለድመቷ አንድ ድስትና አንድ ቢላ ቢለዩ ችግሩ ይቃለላል። ጾም ለሰው የተሠራ ሥርዓት ነው፤ ድመቷን በምስር ማቆየት ለጾመኛው የሚጨምርለት ነገር የለም።

ማጠቃለያ

መራጭነት የድመት ጥፋት አይደለም፤ ተፈጥሮዋና ያሳደግንበት መንገድ ውጤት ነው። ስለሆነም ለውጡ ሽታን፣ ሙቀትን፣ ልስላሴንና ጊዜን በመጠቀም እንጂ በማስራብ አይመጣም። የእናቴ ድመት ለሦስት ሳምንት በሲሪንጅ እየተመገበች ድናለች። ከዚያ በኋላ የለመደችውን ሳንቀማት ሽግግሩን በ5 እጅ ጀምረን በሰባተኛው ሳምንት ጨረስነው። ዛሬ 4 ኪሎ ከ400 ግራም ትመዝናለች። ዓመሏን ግን አልረሳችም፤ እሑድ እሑድ የጣት ጫፍ የምታህል ጉበት በምግቧ ላይ ካልተደረገላት ሳህኑን አሽትታ እናቴን ቀና ብላ ታያታለች።