ፍላሹም ደህና፣ ቴሌቪዥኑም ደህና፤ ታዲያ ሠርጉ ለምን አይታይም?

ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ ጎፋ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች የሠርግ ቪዲዮ በዲቪዲ መረከብ እየቀረ ነው። ሙሽሮች ዛሬ ከቪዲዮ ባለሙያው የሚቀበሉት ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ክርስትናውም፣ ምርቃቱም፣ የሙት ዓመት መታሰቢያውም እንደዚያው። እናትና አባት ግን ብዙ ጊዜ የሚያዩት ከአሥር ዓመት በፊት በተገዛው ቴሌቪዥን ነው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ ፍላሹ ሲሰካ ቴሌቪዥኑ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ፋይሉን አላውቀውም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣል፣ ወይ ደግሞ ምስሉን ያለ ድምፅ ያሳያል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል» ወይም «ፍላሹ አይሠራም» ብሎ ይደመድማል። አንዳንዱ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ አንዳንዱ አዲስ ለመግዛት ያስባል። አዲስ መግዛት ግን እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህን ጫና ተሸክሟል። ስለዚህ ያለውን ቴሌቪዥን ማሠራት የብዙ ቤተሰብ ኪስ ጉዳይ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ፍላሽ አላነብም ካሉት ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ምንም አልተበላሹም። ችግሩ ያለው ፋይሉ የተዘጋጀበት መንገድ ቴሌቪዥኑ ከሚያውቀው ጋር ባለመገጣጠሙ ላይ ነው።

ሁሉም «አሮጌ» አንድ አይደለም

መጀመሪያ በቤት ያለው ቴሌቪዥን የትኛው ዘመን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከኋላው ወፍራም የሆነው የድሮው ቴሌቪዥን የፍላሽ መሰኪያ የለውም፤ የሚቀበለው በአንቴና ወይም በቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ የሚመጣን ምስልና ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥለው የመጡት የመጀመሪያዎቹ ፍላት ቴሌቪዥኖች ደግሞ አንዳንዶቹ መሰኪያ ቢኖራቸውም ፎቶና ሙዚቃ ብቻ ይከፍታሉ። በጥቂቶቹ ላይ መሰኪያው የተሠራው ጠጋኝ የቴሌቪዥኑን ሶፍትዌር እንዲያድስበት ነው፤ አጠገቡ «ሰርቪስ» ተብሎ ከተጻፈ ፊልም አያጫውትም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ወዲህ የተሠሩት ግን በአብዛኛው ቪዲዮ ከፍላሽ ያጫውታሉ። እነዚህ የሚሰናከሉት በሌሎች ምክንያቶች ነው።

አንደኛው ምክንያት ኃይል ነው። የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው በ5 ቮልት 500 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ነው። ለፍላሽ ይበቃል። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን ሲነሳ ከዚህ የበለጠ ሊፈልግ ይችላል። መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ፣ ከውስጡ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ እየተሰማ ቴሌቪዥኑ ካላየው ብዙ ጊዜ የኃይል ማነስ ነው። መፍትሔው ከሶኬት የራሱን ኃይል በሚያገኝ የዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ማገናኘት ወይም የሚፈለገውን ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ማየት ነው። በአነስተኛ ኃይል ደጋግሞ ማስነሳት ዲስኩን ሊጎዳ ይችላል።

የ4 ጊጋባይት ግድግዳ

ሁለተኛው ምክንያት ፍላሹ ፎርማት የተደረገበት ዓይነት ነው። አሮጌ ቴሌቪዥኖች በእርግጠኝነት የሚያውቁት ፋት 32 የሚባለውን ነው። ፋት 32 ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮ ላይ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። በጥሩ ካሜራ ተቀርጾ በሴኮንድ 25 ሜጋቢት የወጣ ቪዲዮ አንድ ሰዓቱ ብቻ ከ11 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ባለሙያው ይህን ፋይል በፋት 32 ፍላሽ ላይ ለመገልበጥ ሲሞክር ኮምፒውተሩ ይከለክለዋል። እሱም ፍላሹን ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት በሚባሉት ዓይነቶች ፎርማት አድርጎ ይገለብጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ችግር ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን ኤክስፋትን ግን ብዙ አሮጌ ቴሌቪዥኖች አያውቁትም፤ ፍላሹን ባዶ እንደሆነ ወይም ጭራሽ እንዳልተሰካ ይቆጥሩታል። ኤንቲኤፍኤስን አንዳንዶቹ ያነቡታል፣ ሌሎቹ አያነቡትም።

ትልልቅ ሃርድ ዲስኮች ላይ ሌላም እንቅፋት አለ። ከ2 ቴራባይት በላይ የሆኑ ዲስኮች በአብዛኛው ጂፒቲ በሚባል አዲስ አሠራር ይከፋፈላሉ፤ ይህንንም አሮጌ ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ አይረዳውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቴሌቪዥን አነስተኛ ፍላሽ ይሻላል። በፋት 32 ፎርማት ለማድረግ የተለመደው የዊንዶውስ መስኮት ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆነ ፍላሽ ምርጫውን አያሳይም፤ ያኔ ራፈስን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች ይሠሩታል። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይረሳ፦ ፎርማት ማድረግ በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ቪዲዮው ሌላ ቦታ መቀመጡ ሳይረጋገጥ ማንም ፎርማት ማድረግ የለበትም።

ስሙ ሳይሆን ውስጡ

ፍላሹ ተነቦ፣ የፋይሉ ስም ታይቶ፣ ሲከፈት ግን እምቢ ካለ ሦስተኛው ምክንያት ላይ ተደርሷል ማለት ነው። ብዙ ሰው «ኤምፒ ፎር ነው፤ እንዴት አይጫወትም?» ይላል። ኤምፒ ፎር፣ ኤምኬቪና ኤቪአይ የሚባሉት ግን መያዣዎች ናቸው። አገልግሉን ከውጭ አይቶ ውስጡ ዶሮ ይሁን ሽሮ ማወቅ እንደማይቻል ሁሉ፣ ከፋይሉ ስም ብቻ ውስጡ ያለው ምስል በምን ዘዴ እንደታመቀ አይታወቅም። ያ የማመቂያ ዘዴ ኮዴክ ይባላል።

አሁን በስፋት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀ ሲሆን ቪዲዮ የሚያጫውቱ ፍላት ቴሌቪዥኖች በብዛት ያውቁታል። ኤች 265 እ.ኤ.አ. በ2013 ጸደቀ፤ ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ያህል መጠን ስለሚያስቀምጥ ስልኮችና ፊልም ጫኞች ወደዱት። ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ቴሌቪዥን ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። የታመቀውን ምስል የሚፈታው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ቺፕ ነው፤ ቺፑ ሲሠራ ያልተሰጠውን ችሎታ በሪሞት ወይም በማደሻ ሶፍትዌር መጨመር አይቻልም። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ፋይሉ ነው።

ይህ በስልክ የሚቀረጸውንም ይመለከታል። አይፎኖች እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ቦታ ለመቆጠብ በኤች 265 ይቀርጻሉ። ለወላጆች ቴሌቪዥን የሚቀረጽ ነገር ካለ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያም ፎርማትስ የሚለውን ከፍቶ «ሞስት ኮምፓቲብል»ን መምረጥ በቂ ነው። በሌሎች ብዙ ስልኮችም በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ ይገኛል።

ምስሉ እየታየ ድምፅ ከጠፋም ስፒከሩ ተቃጥሏል ማለት አይደለም። ከውጭ የሚመጡ ፊልሞች ላይ ዲቲኤስ የሚባል የድምፅ ዓይነት ይኖራል፤ እሱን የማይፈታ ቴሌቪዥን ምስሉን ብቻ ያሳያል። ኤኤሲ ወይም ኤምፒ ስሪ የሆነ ድምፅ ግን አብዛኞቹ ያሰማሉ።

አማርኛ ተመልካች ብቻ የሚያውቀው እንቅፋትም አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ብዙ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ግን ፊደሉን ይዘው አልተሠሩም። ስለዚህ «የእማዬ ልደት» ተብሎ የተሰየመ ፋይል በረድፍ የተደረደሩ ሳጥኖች ሆኖ ይታያል። በአማርኛ የተዘጋጀ የትርጉም ጽሑፍም እንዲሁ። ፋይሎቹን በላቲን ፊደልና በቁጥር፣ 01፣ 02 እያሉ መሰየም ቅደም ተከተሉንም ያስተካክላል። የአማርኛው የትርጉም ጽሑፍ ደግሞ ለብቻው ፋይል ሆኖ ከሚቀመጥ ምስሉ ላይ ታትሞ እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል።

መፍትሔው ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል

ዲሽ ባለበት ቤት ሁሉ ሪሲቨር አለ። ላይፍስታርና ሱፐርማክስን የመሰሉ በየቤቱ የሚታወቁ ኤችዲ ሪሲቨሮች የፍላሽ መሰኪያ አላቸው። ብዙ ሰው ይህን መሰኪያ የሚጠቀምበት ቻናል ለማደስ ብቻ ነው። ነገር ግን ኤችዲ ሥርጭት ራሱ በኤች 264 የሚመጣ ስለሆነ ሪሲቨሩ ይህን ዓይነት ቪዲዮ መፍታት የዕለት ሥራው ነው። ፍላሹን ሪሲቨሩ ላይ ሰክቶ፣ ከሜኑ ውስጥ ዩኤስቢ ወይም መልቲሚዲያ የሚለውን መክፈት ብቻ ይበቃል። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ መውጫ ያለው ሪሲቨር ከሆነ የፍላሽ መሰኪያ የሌለው ወፍራሙ የድሮ ቴሌቪዥንም በዚህ መንገድ የሠርግ ቪዲዮ ያሳያል። አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻም መሰኪያ ካለው ይረዳል፤ እሱ ግን በአብዛኛው የሚቀበለው ዲቪኤክስ ወይም ኤክስቪድ የሆነ አነስተኛ ኤቪአይ ፋይል ነው።

ይህም ካልሆነ ፋይሉን ኮንቨርት ማድረግ ነው። ሃንድብሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ የታወቀ ነው። መያዣው ኤምፒ ፎር፣ ምስሉ ኤች 264፣ ድምፁ ኤኤሲ፣ የምስሉ ቁመት 720 ወይም 1080 ይሁን። ፍጥነቱ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ያህል ከሆነ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ከ4 ጊጋባይት በታች ስለሚሆን በፋት 32 ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ሥራው በአሮጌ ላፕቶፕ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል መብራት በማይጠፋበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ሌሊት መጀመር ይመረጣል። ኮምፒውተር የሌለው ሰው በሰፈሩ ላለ ፊልም ጫኝ ወይም ኢንተርኔት ቤት «በኤች 264 ቀይሩልኝ» ቢል ይረዱታል።

ፍላሽ ሲገዛም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በላዩ 1 ወይም 2 ቴራባይት ተጽፎበት በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ትልቅ መስሎ እንዲታይ ተደርጎ ይሠራል፤ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን ቀጥሎ የተገለበጠው ሁሉ ይጠፋል ወይም ይበላሻል። ቪዲዮው መጀመሪያው ታይቶ መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ ይህ መጠርጠር አለበት። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እውነተኛውን መጠን ይመረምራል። ምርመራውን ምንም ነገር ሳይጫንበት፣ ዕቃው ገና እንደተገዛ ማድረግ ነው።

ስለ ፊልም ጫኞች ሲነሳ የባለቤትነት ጉዳይም መታለፍ የለበትም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ አንድን ፊልም ወይም ሙዚቃ አባዝቶ መሸጥ የባለመብቱን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይደነግጋል። የሀገር ውስጥ ፊልም ሠሪ ለወራት የደከመበት ሥራ በጥቂት ብር ፍላሽ ላይ ሲጫን ለእሱ የሚደርሰው ነገር የለም። የራስን ሠርግ፣ የራስን ክርስትና፣ የሚወዱትን ሰው ድምፅና መልክ በፍላሽ ማስቀመጥና ማየት ግን የማንንም መብት አይነካም። የአሮጌው ቴሌቪዥን ዋና አገልግሎትም ለብዙ ቤተሰብ ይኸው ነው።

የቪዲዮ ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ብዙ መርዳት ይችላሉ። ሥራውን ሲያስረክቡ ከትልቁ ፋይል ጎን፣ በኤች 264 የተዘጋጀና ከ4 ጊጋባይት ባነሱ ክፍሎች የተከፈለ ሌላ ቅጂ በፋት 32 ፍላሽ ቢሰጡ የደንበኛውን ወላጆች ከብዙ ድካም ያድናሉ። ደንበኛውም ክፍያውን ሳይጨርስ «ቤታችን ያለው ቴሌቪዥን የድሮ ነው» ብሎ ይህን መጠየቅ አለበት። ዋናውን ፋይል ግን በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አትተዉት። በሁለተኛ ዲስክ ወይም በታመነ ዘመድ ኮምፒውተር ላይ ዛሬውኑ ገልብጡት፤ ፍላሽ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ መብራት ሲቆራረጥም ይበላሻል።