የመስከረም ውሳኔ ስለ ምን ከመስቀል አያልፍም?



ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጳጉሜን፣ ሐኪም የደሜ ስኳር ከፍ ማለቱን ነግሮኝ ክብደት እንድቀንስ መከረኝ። እኔም «ከመስከረም አንድ ጀምሮ ቅባት፣ ጣፋጭና ዳቦ አልቀምስም» ብዬ ለባለቤቴ ቃል ገባሁ። መስከረም 1 ቀን ጠዋት በቃሌ ጸናሁ፤ ከሰዓት በኋላ የዐውደ ዓመቱ ዶሮ ወጥ ቀረበ። መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት፣ ከውሳኔው የቀረ ነገር አልነበረም። በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም ይኸው ተደገመ። በሦስተኛው «እኔ ፈቃዴ የደከመ ሰው ነኝ» ብዬ ደመደምሁ፤ ወደ ሐኪሙ መመለስም አፈርሁ። የዛሬው ንግግሬ ያ ድምዳሜ ስሕተት እንደ ነበረ፣ ስሕተቱም ጤናን የሚጎዳ እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው።

ማስረጃው ከደጃችን አይርቅም። በመስከረም 17 ቀን መጽናት ያልቻልሁት እኔው፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳልቀምስ እኖራለሁ። ልዩነቱ ከምን መጣ? እምነቱ ቀዳሚው ምክንያት ነው፤ ነገር ግን እምነቱ ብቻውን አልተተወም፤ ሥርዓት አለው። ጾሙ የሚገባበትና የሚፈታበት ቀን ይታወቃል። የሚከለከለው ምግብ ተለይቷል። ቤተሰቡ አብሮ ይጾማል፤ ገበታው ላይ ሽሮና ምስር ይቀርባል፤ ምግብ ቤቱም የጾም በያይነቱ ያዘጋጃል። ስለዚህ ጿሚው በየማዕዱ ከራሱ ጋር አይሟገትም። የእኔ የመስከረም ውሳኔ ግን ብቸኛ ነበር፤ ማብቂያ አልነበረውም፤ የተጀመረውም በድግስ ቀን ነው። «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻን መመለስ ምግብን ብቻ ሳይሆን ፍቅርንም እንደ መመለስ ይቆጠራል። ጾም ክብደት መቀነሻ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ዘይትና ዳቦ የበዛበት የጾም ገበታም ያወፍራል። ከጾም የምንማረው ሥርዓቱን እንጂ የምግቡን ዝርዝር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት በሰውነታችን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አንሴል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ለስድስት ወራት ከለመዱት ምግብ ግማሽ ያህሉን ብቻ እየመገበ አጠና። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ሐሳባቸውም ወሬያቸውም ምግብ ሆነ። ገደቡ ሲነሣላቸው ብዙዎቹ ከቀድሞው እጅግ የበለጠ በሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1994 ግልጽ ሆነ። በዚያ ዓመት የጄፍሪ ፍሪድማን የምርምር ቡድን ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኘ። ሆርሞኑ ከስብ ሕዋሳት ይመነጫል፤ ምን ያህል ስብ እንደ ተከማቸም ለአንጎል ያመለክታል። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲንም ይቀንሳል፤ አንጎልም ረኀብን ያበረታል፣ የጉልበት ወጪንም ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ፣ ለ10 ሳምንታት ምግባቸውን እጅግ ከቀነሱ ሰዎች ዘንድ የረኀብ ሆርሞኖች ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ቀድሞው መጠን እንዳልተመለሱ አሳየ። እንግዲህ በጥቅምት የሚመጣው ብርቱ ረኀብ የጠባይ ጉድለት አይደለም፤ ሰውነት ራሱን ከምግብ እጦት የሚከላከልበት ጥንታዊ ዘዴ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የውሳኔው ቅርጽ ነው። ፒተር ኸርማንና ዴቦራ ማክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ ምግባቸውን የሚቆጥቡ ሴት ተማሪዎች አስቀድመው የወተት መጠጥ ሲሰጣቸው፣ ምንም ካልቀመሱት ቆጣቢዎች የበለጠ አይስክሬም በሉ። «ፈጽሞ አልቀምስም» ያለ ሰው አንድ ጊዜ ከቀመሰ «ዛሬስ አንዴ ፈርሷል» ይላል። ስለዚህ ውሳኔውን የሚያፈርሰው የመጀመሪያው ጉርሻ ሳይሆን ከጉርሻው በኋላ የሚመጣው ተስፋ መቁረጥ ነው።

እኔም በአራተኛው ዓመት መስከረምን አሳለፍሁና ድግስ በሌለበት በጥቅምት ጀመርሁ። ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ተመካክረን ከቡናና ከሻይ ስኳር አስቀረን፤ በትሪው ላይ ጎመንና ሰላጣው በዛ፣ እንጀራው አነሰ። ከሥራ ስመለስ ከታክሲ ቀደም ብዬ ወርጄ በእግሬ መሄድ ያዝሁ። በዓል ሲመጣ በዓሉን አከብራለሁ፤ በማግስቱ ወደ ሥርዓቴ እመለሳለሁ። ክብደቴ የቀነሰው በዝግታና በጥቂቱ ነው፤ ወደ ሐኪሙ ግን ያለ ኀፍረት ተመለስሁ፣ የደሜ ስኳርም ወረደ።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ነገ ሐኪም፣ ነርስ ወይም መምህር የሚሆኑ አሉ። ውሳኔው የፈረሰበት ሰው ሲመጣላችሁ «ለምን አልጸናህም?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ከማን ጋር ትበላለህ? ገበታህስ ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውየውን ከሕክምና ያርቀዋል፤ ሁለተኛው ግን የሚለወጠውን ነገር ያሳየዋል።