የቆዳ ነቀርሳና የጠቅላላ ሐኪም ተግባር
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የታወቀ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ሳይሸሽገው፥ በገላው ላይ በግልጽ እየታየ፥ ልብ የሚለው ሰው በማጣት ብቻ ተሸሽጎ የሚኖር በሽታ አለ። ይኸውም የቆዳ ነቀርሳ፥ ማለት የቆዳ ካንሰር ነው። በሆድ ዕቃ ወይም በሳንባ ውስጥ የሚያድገውን ነቀርሳ ለማግኘት ልዩ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የቆዳውን ለመጠርጠር ግን በቂ ብርሃን፥ አስተዋይ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ጠቅላላ ሐኪም በዚህ ረገድ ከፍ ያለ ኃላፊነት አለበት።

የቆዳ ነቀርሳ ዋና ዋና ዓይነቶች ሦስት ናቸው። ባዛል ሴል ካርሲኖማ የተባለው ቀስ ብሎ የሚያድግና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እምብዛም የማይዛመት ነው። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ግን ካልታከመ ሊዛመት ይችላል። ሦስተኛው ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት የሚነሣ ሲሆን፥ በቍጥር ከሦስቱ ያነሰ፥ በአደገኛነቱ ግን የበለጠ ነው። አሌክሳንደር ብሬስሎው የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳስረዱት፥ የሜላኖማ አደጋ የሚመዘነው ወደ ውስጥ በዘለቀበት ጥልቀት ነው። ጥልቀቱ ከ1 ሚሊሜትር ሳያልፍ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ቆርጦ በማውጣት ብቻ ይድናል፤ ጠልቆ ከተሠራጨ በኋላ ግን ሕክምናው ከባድ፥ ተስፋውም የመነመነ ይሆናል።

ብዙ ሰዎች ይህ በሽታ የነጮች ብቻ ይመስላቸዋል። እርግጥ ነው፥ ጥቁር ቆዳ በቀለሙ ምክንያት የፀሐይን ጨረር ስለሚከላከል በሽታው በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ያነሰ ነው። ሆኖም በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ እምብዛም በማያገኘው ስፍራ፥ በውስጥ እግር፥ በመዳፍና ከጥፍር ሥር ስለ ሆነ ዘግይቶ ይታወቃል። ዝነኛው የጃማይካ ድምፃዊ ቦብ ማርሊ በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ እንዳለበት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመት ዕድሜው በዚሁ በሽታ ዐርፏል። ከዚህም ሌላ በአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳና ለዓመታት ባልዳነ ቍስል ላይ ነቀርሳ ሊበቅል ይችላል። ያለ ቆዳ ቀለም የተወለዱ፥ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችንም ገና በወጣትነታቸው ለዚህ በሽታ የተጋለጡ ናቸው።

ታዲያ ጠቅላላ ሐኪም ምን ማድረግ ይገባዋል? በአገራችን የቆዳ ሊቃውንት ጥቂቶች ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ለጉንፋን ወይም ለደም ግፊት ወደ ሕክምና ሲሄድ የሚያየው ጠቅላላ ሐኪም ነው። ይህም ሐኪም ሳንባ ለማዳመጥ ሸሚዝ ባስወለቀ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ሊያየው የማይችለውን ጀርባ ያያል።

የሐኪሙ ተግባር በአራት ይከፈላል። አንደኛው መጠየቅ ነው፤ ምልክቱ መቼ ጀመረ፥ አደገ ወይ፥ ደማ ወይ፥ ቀድሞ ቃጠሎ ነበረበት ወይ ብሎ መመርመር ይገባል። ሁለተኛው ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የኒውዮርክ ሐኪሞች ባወጡት መመሪያ መሠረት፥ ሁለት ወገኑ የማይመሳሰል፥ ጠርዙ የተዛባ፥ ቀለሙ የተዘበራረቀና ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር የሚበልጥ ጥቁር ነጥብ ያጠራጥራል። ጫማና ካልሲ አስወልቆም ውስጥ እግርንና የጣቶችን መካከል፥ በጥፍር ላይ እየሰፋ የሚሄደውንም ጥቁር መስመር መመልከት ያስፈልጋል። ሦስተኛው፥ የሚያጠራጥረውን ነገር ከማቃጠል ወይም ቅባት በቅባት ላይ ከማዘዝ ይልቅ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ማድረግ ነው። አራተኛው መከታተል ነው፤ ውጤቱ ሳይጠየቅ የቀረ ናሙና እንዳልተወሰደ ይቈጠራልና።

ይህን ስንል ጤነኛው ሰው ሁሉ ይመርመር ማለታችን አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምራ ዕድሜያቸው 35 ዓመት የሞላ ሰዎች በየሁለት ዓመቱ ቆዳቸውን እንዲታዩ ፈቅዳለች። በአሜሪካ ግን በመከላከያ ሕክምና ላይ ምክር የሚሰጠው የሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2023፥ ምልክት የሌለውን ሁሉ መመርመር የሚያስገኘውን ጥቅም ከጉዳቱ ጋር ለማመዛዘን ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ይህ ክርክር ግን የሚመለከተው ምልክት የሌለውን ሰው ነው፤ ምልክት የታየበት ሰው ሳይዘገይ መታየት እንዳለበት አያከራክርም።

ስለዚህ አድማጮቻችን ሆይ፥ ከአራት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቍስል፥ ወይም መልኩን የለወጠ ነጥብ ያየ ሁሉ፥ ለሌላ ሕመም እንኳ ወደ ሐኪም ሲሄድ «ይህንንም እዩልኝ» ከማለት አይፈር። ሐኪሙም ወረፋው ቢበዛበት፥ አንድ ጊዜ ጐንበስ ብሎ እግር ማየት የሰውን ሕይወት ሊያተርፍ እንደሚችል አይዘንጋ።