የከብት ደስታ ቫይረስ የሕዋስን የማንቂያ መልእክት እንዴት ያፍናል?

ከከላላ እስከ መካነ ሰላም በተዘረጋው የደቡብ ወሎ ደጋ በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ይህንኑ ለመላ አገሪቱ ያሳየ ዘመን ነበር። በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ተነሥቶ የተዛመተው የደስታ በሽታ ከ10 ከብቶች 9ኙን ያህል እንደፈጀ ይገመታል። ከብቱ የተፈጥሮ መከላከያ እያለው ቫይረሱ እንዴት ቀደመው? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው።

በቫይረስ የተጠቃ ሕዋስ ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን ይለቃል። ኢንተርፌሮን በሕዋስ ሽፋን ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ በውስጥ ያሉት ስታት-1 እና ስታት-2 የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ፎስፌት ይጨመርባቸዋል፤ ከዚያም ወደ ኒውክለስ ገብተው ፀረ-ቫይረስ ጂኖችን ይቀሰቅሳሉ።

የደስታ ቫይረስ መልእክቱን የሚያፍነው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ጂን ፒ፣ ቪ እና ሲ የተባሉ ሦስት ፕሮቲኖችን ያወጣል። ፒ ስታት-1ን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ቪ እና ሲም እያንዳንዳቸው የኢንተርፌሮንን ሥራ ማገድ ይችላሉ። በዚህም ፎስፌቱ አይጨመርም፤ መልእክተኞቹም ኒውክለስ አይደርሱም። የጆሮ ደግፍ ቫይረስ ስታት-1ን ሲያፈራርስ ይህኛው ግን አያፈራርሰውም። የኤሌክትሪክ ዑደት ለለመድነው ለእኛ፣ ሽቦው ሳይበጠስ ማብሪያው እንደተያዘ ያህል ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ያሳየው ነገር ነው፤ ገዳዩም ሆነ ለክትባት የተዳከመው ዝርያ ሁለቱም ኢንተርፌሮንን ያግዳሉ። እንግዲህ የገዳይነቱ ምክንያት እገዳው ብቻ ሊሆን አይችልም። መልእክቱን እያፈነም ቢሆን የክትባቱ ዝርያ ከብቱን ጠብቆታል። ሙቀት የሚቋቋመው ክትባት አፋር ድረስ ዘልቆ፣ በሽታው በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር፤ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

የቅርብ ዘመዱ የበግና የፍየል ደስታ ግን አልጠፋም። የእርሱም ቪ ፕሮቲን ስታት-1ን ይይዛል። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል፤ አንድ ጊዜ የተከተበ በግም ቢያንስ 3 ዓመት ይጠበቃል። ነገር ግን የተለመደው ክትባት ቅዝቃዜውን እንደጠበቀ መድረስ አለበት፤ ለከላላ ገደላማ ቀበሌዎች ይህ ከሞለኪውሉ ጉዳይ የማያንስ ፈተና ነው።